ከመኪና ድምፅ በራቀው መንገድ፤ በብስክሌት በጐንደርና በስሜን ደጋ

መንገድ ሁሉ ለአንድ ዓይነት መንገደኛ አልተሠራም። ለንጉሥ ሠራዊት የተጠረገ አለ፤ የሲራራ ነጋዴ አህያና በቅሎ በኮቴያቸው የፋቁት አለ፤ ወደ ገዳም የሚገሠግሥ ምእመን በባዶ እግሩ ያቀናው አለ፤ በመጨረሻም ለመኪና የተደለደለና የተነጠፈ አለ። አፄ ፋሲለደስ ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ መናገሻቸው ያደረጓት ጐንደር እነዚህን መንገዶች ሁሉ በየዘመናቸው ያየች ከተማ ናት።

ዛሬ ግን በጐንደር ዋና ጐዳና ላይ ልጁ ብስክሌት ይዞ የወጣበት ቤተሰብ ልቡ አያርፍም። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው አስፋልት ላይ የጭነቱ መኪና፣ ሚኒባሱና ባጃጁ እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ፤ በመካከላቸው የሚገባው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ ደግሞ የሁሉም መገፊያ ይሆናል። ስለዚህ አንዲት እናት፥ ልጇ ብስክሌት እንድትገዛለት ሲጠይቃት፥ «ገንዘቡስ ይገኛል፤ የሚያስፈራኝ መንገዱ ነው» ብትል ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። «ታዲያ የት ይንዳ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት የሚነሣ ስለ ሆነ፥ መልሱን ከአስፋልቱ ወጣ ብለን በኮረብታው መካከል ፈለግን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበውም በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በብስክሌት ስንጓዝ ካየነውና ስለ አገሩ ከሚታወቀው አስተባብረን የጻፍነው ነው።

ብስክሌት የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ ወደ ቋንቋችን የገባ ነው፤ መሣሪያው ግን እንግድነቱን ከተወ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈች ጊዜ፥ ከሯጮችዋ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ናቸው። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ በተባለው በፈረንሳይ አገር በሚደረገው ታላቅ ውድድር በመካፈል የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እነዚህ ግን ስማቸውን ያስጠሩት በአስፋልት ላይ ነው። ወደ ገጠሩ የኮረኮንች መንገድ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን የሚያስረዳልን የአንዲት የውጭ አገር ሴት ታሪክ አለ። አየርላንዳዊቱ ጸሐፊ ዴርቭላ መርፊ በ1955 ዓ.ም. ከአገሯ ተነሥታ እስከ ሕንድ ድረስ በብስክሌት የተጓዘች ናት። በ1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ በመጣች ጊዜ ግን ብስክሌቷን ትታ በቅሎ መረጠች። ጓዟን በበቅሎ ጭና፥ ከምጽዋ ተነሥታ፥ በትግራይ፣ በስሜን፣ በጐንደርና በላሊበላ አድርጋ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ የጕዞዋንም ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች። ብስክሌትን እንደ ባልንጀራ የምትወድ ሴት በዚህ አገር በቅሎን መምረጧ ያለ ምክንያት አልነበረም። የደጋውን መንገድ ያቀናው የሰውና የበቅሎ እግር ነውና፥ በኋላ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ለእነርሱ ልማድ መገዛት ይኖርበታል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛው መሣሪያው ነው። ዛሬ ለጠጠር መንገድ ተብሎ የሚሠራ ብስክሌት አለ፤ ጎማው ሰፋ ያለ፥ ነፋሱ ላላ ተደርጎ የሚነፋ፥ ጥርሶቹም ለረጅም ዳገት እንዲያመቹ የተደረጉ ናቸው። በሌላው ዓለም ይህ አነዳድ እጅግ ተስፋፍቶ፥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኢጣልያ፥ በቬኔቶ አውራጃ፥ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና አድርጎለታል። ሁለተኛው የተለወጠው መንገዱ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌን ከወረዳ ለማገናኘት ብዙ የጠጠር መንገድ አሠርቷል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከገበያ ቀን በቀር መኪና የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። እንግዲህ በቅሎው በሚሄድበት አገር ብስክሌትም መሄድ የሚችልበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገሩ አቀማመጥ እንለፍ። ጐንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። ሁለቱም ወንዞች ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ወደ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው በጠቅላላው ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን የሚነዳ ግን ከደጋ ወደ ውርጭ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ሰው ጕልበቱን በልክ ያደርጋል።

ለጀማሪና ለልጆች የሚሆነው መንገድ አጭሩ ነው። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የደብረ ፀሐይ ቍስቋም ቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥታቸው ፍርስራሽ ይገኛል። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጐንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በዚሁ በቍስቋም ተቀምጦ ነበር። ዳገቱ ለልጅ እግር ይከብዳል፤ ነገር ግን ብስክሌትን እየገፉ መውጣት የሚያሳፍር አይደለም። ከላይ ሆኖ ከተማውን ቍልቍል ማየት፥ ከዚያም በማሳዎቹ መካከል ባለው የእግር መንገድ ዝግ ብሎ መንዳት፥ ለአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚበቃ ደስታ ነው። አባት ከልጁ ጋር ቢሄድ ደግሞ በአንድ ጊዜ የታሪክ ትምህርትና የአካል ማጠንከሪያ ይሆንለታል።

ሁለተኛው መንገድ ከከተማው በስተ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ደንቀዝ የሚወስደው ነው። ደንቀዝ ጐንደር ከመመሥረትዋ በፊት የአፄ ሱስንዮስ መናገሻ የነበረች ስፍራ ናት፤ የቤተ መንግሥታቸውም ፍርስራሽ ዛሬ ድረስ በኮረብታው ላይ ይታያል። ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት በመቀበላቸው በአገሩ ልጆች መካከል ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቅደው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ የሚሰማው የእረኛ ዋሽንትና የንፋስ ድምፅ ነው። በተናደው ግንብ ጥላ ብስክሌቱን አስደግፎ የሚያርፍ መንገደኛ፥ የወንድማማቾች ጠብ ምን እንደሚያተርፍ ሳይነገረው ያስተውላል።

ሦስተኛው ወደ ሰሜን ነው። ከጐንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዋናው መንገድ አስፋልት ስለ ሆነና የጭነት መኪና ስለሚበዛበት፥ በእርሱ ላይ መንዳትን አንመክርም። የሚሻለው ብስክሌትን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ፥ በወለቃ፣ በኮሶዬ አልፎ፥ አምባ ጊዮርጊስ ወይም ዳባት ላይ ወርዶ፥ ከዚያ ወደ ቀበሌዎቹ የሚገነጠለውን የጠጠር መንገድ መያዝ ነው። በኮሶዬ አጠገብ ግን ጥቂት ቆም ማለት ይገባል፤ ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ወደ ቆላው ሲወርድ፥ ከታችም አምባው በአምባ ላይ ተደራርቦ በጭጋግ ውስጥ ሲታይ፥ ዐይን አይጠግብም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብለን በያዝነው የቀበሌ መንገድ ላይ ግማሽ ቀን ስንነዳ አንድም መኪና አላጋጠመንም። ጥቅምት ስለ ነበረ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ለአጨዳ ቀርቧል፤ ባቄላው ግን ገና አረንጓዴ ነበር። ደበሎ የለበሱ እረኞች ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይጣራሉ። ካርታም አላስፈለገንም፤ በደጋው አገር ካርታው የደብር ደን ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ በተራቈተበት ስፍራ ሁሉ፥ ጽድና ወይራ ከቦት የቆመ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ይታያል። «ወዲያ ማዶ ጊዮርጊስ፥ ከዚያ ወዲህ ማርያም» እያሉ የመንገድ ምልክት የሚነግሩን ልጆች ነበሩ። ከአንዱ ደን ወደ ሌላው እየተመለከትን ብንሄድ መንገድ አልሳትንም። አባቶቻችን ለጸሎት የጠበቁት ዛፍ ለመንገደኛ መሪ፥ ለምድሪቱም ልብስ ሆኖ መቆየቱ የሚደነቅ ነው።

እኩለ ቀን ላይ በአንድ የወይራ ጥላ ሥር ዐረፍን። አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ጋር ደርሰው ሰላምታ ሰጡን፤ እኛም ተነሥተን እጅ ነሣን። በሶ በጥብጠን አቀረብንላቸው፤ ባርከው ቀመሱ። «አባቴ፥ በዚህ መንገድ መኪና ያልፋል?» ብለን ጠየቅን።

«በገበያ ቀን አንድ አይሱዙ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ የምንሰማው የከብታችንን ኮቴ ነው» አሉን።

«እንዴት ያለ ጸጥታ ነው! እኛስ ይህን ፈልገን ነው ከከተማ የመጣን» አልናቸው።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው መንገዱን ተመለከቱ። «ልጆቼ፥ ለእናንተ ጸጥታው ያምራል። እኛ ግን ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ሚስት ምጥ ቢይዛት፥ ጭቃው መኪና አላስገባ ብሎ፥ ስምንት ሆነን በቃሬዛ ተሸክመን ሌሊቱን ሙሉ ሄድን። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም» አሉን።

ከዚህ በኋላ መንገዱን እንደ ቀድሞው ልናየው አልቻልንም። እኛ ደስ ብሎን የምናሞግሰው የመኪና አለመኖር፥ ለባለ አገሩ ገና ያልተሟላለት ነገር ነው። የከተማ ሰው ከድምፅና ከጢስ ሸሽቶ የሚያርፍበት ስፍራ፥ ለገጠሩ ሰው ሐኪም ዘንድ የማያደርስ ርቀት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያስታውስ የሚነዳ ሰው የሌላውን ችግር መዝናኛው እንዳያደርግ መጠንቀቅ ይገባዋል።

ጐንደር ይህን ችግር ከብዙ ዘመን ጀምራ ታውቀዋለች። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዋና ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና ጥበቃ ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። ይኸውም ሕመምተኛው ወደ ከተማ እስኪመጣ ከመጠበቅ ባለሙያው ወደ ሕመምተኛው እንዲሄድ ታስቦ ነው። ባለሙያውም ቢሆን የሚሄደው በመንገድ ነው። መንገዱ በክረምት ከተቈረጠ እውቀቱም ከወንዝ ወዲህ ማዶ ይቀራል። ስለዚህ የጠጠር መንገድ ለእኛ የሽርሽር ጉዳይ ቢሆን፥ ለገጠሩ ቤተሰብ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ይኸው ጥያቄ ከፍ ብሎ የሚታይበት አራተኛው መንገድ ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው ነው። ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ የጠጠር መንገድ አለ፤ ሳንቃ በር በ3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ጨነቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ከጨነቅ በኋላ መንገዱ በቧሂት ተራራ ትከሻ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በጨነቅ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርቱ የነበረ ወጣት እንኳ መቶ እርምጃ ገፍቶ ይቆማል። ራሱን የሚያመውና የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ፥ እልህ ሳይገባ ወደ ታች መውረድ ይኖርበታል እንጂ ወደ ላይ መውጣት የለበትም።

የመንገዱ ውበት ግን ድካሙን ያስረሳል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመቶ እየሆኑ በመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ፤ ብስክሌተኛ በአጠገባቸው ዝግ ብሎ ቢያልፍ ቀና ብለው አይተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የአስታው ዛፍ በሽበት መሳይ ሣር ተሸፍኖ ይቆማል፤ ከፍ ሲሉ ደግሞ ጅብራው በጓሳው መካከል እንደ ዘብ ተተክሎ ይታያል። በጨነቅ አካባቢ ማለዳ የተነሣ ሰው ዋልያን በገደሉ አፍ ላይ ሊያይ ይችላል፤ ዋልያ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር በዱር የማይገኝ አውሬ ነው። ከሩቅ ምሥራቅም 4,550 ሜትር የሚደርሰው ራስ ደጀን ይታያል።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. ግን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ከተነገሩትም ምክንያቶች የዋልያ ቍጥር መቀነስ፣ የሰፈራው መብዛትና በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ ይገኙበታል። ከብዙ ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ከዚያ መዝገብ ወጥቷል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ለዋልያው የመኪናው ድምፅ ሥጋት ነው፤ ለጃናሞራ ገበሬ ግን ያው መኪና ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ መድረሻው ነው። ሁለቱም የእግዚአብሔር ፍጥረት ናቸው፥ ሁለቱም እውነት አላቸው። በዚህ መካከል ብስክሌት ድምፅ የማያሰማ፥ ጢስ የማይተፋ፥ መንገድ የማያፈርስ መሣሪያ በመሆኑ ማንንም ሳይጎዳ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው በደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፥ የሚታዘዝለትን መሪና ጠባቂ ይዞ፥ ከተፈቀደው መንገድ ሳይወጣ መሄድ ነው።

በኢጣልያ አገር፥ በቶስካና፥ ነጩ የጠጠር መንገድ ሁሉ በአስፋልት ተሸፍኖ እንዳይጠፋ ያዘኑ ሰዎች በ1990 ዓ.ም. ሌሮይካ የሚባል የብስክሌት በዓል ጀመሩ፤ በዚህም ምክንያት አሮጌው መንገድ እንደ ቅርስ መታየት ጀመረ። ምሳሌው መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ልንወስደው አይገባም። የቶስካና ሰው አስፋልቱን ጠግቦ ነው ጠጠሩን የናፈቀው። የወገራ ገበሬ ግን ገና በክረምት የማይቈረጥ መንገድ ይጠብቃል። ስለዚህ እኛ «መንገዱ እንዳለ ይቆይልን» ብለን መጸለይ አይገባንም፤ «መንገዱ ይሠራ፤ እግረኛውና በቅሎውም ከመኪናው ተለይተው የሚሄዱበት ዳር ይተውላቸው» ብንል ግን ለሁሉም የሚበጅ ልመና ነው። መንገድ ሲታቀድ የውሃ መፍሰሻው ቦይ እንዲጠረግ፥ የጥንቱም የእግር መንገድ ታርሶ እንዳይጠፋ ማሳሰብ ከከተማ ሰውም ከገጠር ሰውም የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ በዚህ አገር በእንግድነት ለሚነዳ ሰው የሚገቡትን ጥቂት ነገሮች እንናገር። አስቀድሞ ወራቱን ይምረጥ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ መረሬው አፈር በጎማ ላይ ተለጥፎ መንኰራኵሩን ያቆመዋል። ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ምድሩ የደረቀበት፥ አበባውም ገና ያልረገፈበት ስለ ሆነ ከሁሉ ይሻላል። ሌሊቱ ግን በደባርቅና ከዚያ በላይ ብርቱ ብርድ አለውና ጋቢ ወይም ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፥ መሣሪያውን ይመርምር። ውድ ብስክሌት የግድ አይደለም፤ የጸና ፍሬን፥ ሰፊ ጎማ፥ በደንብ የተቀባ ሰንሰለት ይበቃሉ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መለጠፊያና መንፊያ ግን ሳይዝ አይውጣ፤ በቀበሌ መንገድ ላይ ጎማ የሚጠግን ሱቅ አይገኝምና። በቍልቍለት ላይ ፍሬኑን በድንገት አይያዝ፤ ጠጠር ላይ መንኰራኵር ይንሸራተታል። ዝግ ብሎ ከላይ ጀምሮ መያዝ፥ ሰውነትንም ወደ ኋላ አድርጎ መውረድ ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ስንቁን ያዘጋጅ። በዚህ በኩል ከውጭ አገር የምንበደረው ነገር የለም። አባቶቻችን ለዘመቻና ለሱባዔ የያዙት በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለብስክሌተኛም እንደ ተሠራ ናቸው፤ አይበላሹም፥ አይከብዱም፥ ጕልበት ይሰጣሉ፥ የጾም ቀንም አይሽሩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ግን የዕለቱን ዳገት ያሳጥር፤ ሕመም ያለበትም የንስሐ አባቱን አማክሮ ይውጣ። ውሃ ከወንዝ ሲቀዳ አፍልቶ ወይም በመድኃኒት አጣርቶ ይጠጣ።

አራተኛ፥ የመንገዱን ሥርዓት ያክብር። በቅሎ የተቀመጠ ሰው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ወርዶ እንደሚሳለም፥ ብስክሌተኛም ይውረድ፤ ቆቡን አውልቆ ተሳልሞ ይለፍ። ቀብር ወይም ታቦት ሲያጋጥመው ከመንገድ ወጥቶ ይቁም። ጭነት የያዘ አህያ ወይም ጥማድ በሬ ከፊቱ ሲመጣ ደወል አያንጫርር፤ ከብት ደንብሮ ወደ ገደል ሊገባ ይችላልና፥ ወርዶ በገደሉ በኩል ሳይሆን በዳገቱ በኩል ቦታ ይስጠው። ለሕፃናት ሳንቲም አይበትን፤ ይልቁንስ ከእናቶቻቸው ዕንቍላል ወይም ማር ገዝቶ ዋጋውን በአግባቡ ይክፈል። ደብተርና እርሳስ የሚያመጣ ከሆነም ለትምህርት ቤቱ መምህር ያስረክብ። ይህ ሁሉ በሌላው ደጅ ላገኘነው ጸጥታ የምንከፍለው ትንሽ ዕዳ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ግን በመጨረሻ እንናገራለን፤ እርሱም ሰላም ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ገጠር ደርሶ ብዙ ቤት በኀዘን ተመትቷል። ያ ጦርነት በስምምነት ከቆመ በኋላም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛን ከመንገድ፥ ተማሪን ከትምህርት ቤት፥ ሕመምተኛን ከሐኪም ለይቶታል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ወጣት ዛሬውኑ ብስክሌቱን ይዞ ይውጣ አንልም። አስቀድሞ የአገሩን ሰው ይጠይቅ፥ ቤተሰቡን ያማክር፤ መንገዱ ካልረጋ በግቢውና በሰፈሩ ይለማመድ፥ እስከዚያውም አገሩን በማንበብ ይወቅ። መኪና የማይሰማበት መንገድ የተኵስ ድምፅ የሚሰማበት ከሆነ፥ ጸጥታው ጸጥታ አይባልም።

መንገድ የሚለካው በእርሱ ላይ ሳይፈራ በሚሄደው ደካማ ሰው ነው። ሽማግሌው ከአህያው ጋር፥ ልጃገረዲቱ ከደብተርዋ ጋር፥ ነፍሰ ጡሯም ከአስታማሚዎቿ ጋር ሳይሠጉ የሚያልፉበት መንገድ፥ ለብስክሌተኛ የተመቸ መሆኑን ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። እንግዲህ እናንት ወላጆች፥ ልጆቻችሁን በሁለት ጎማ ላይ ሚዛን መጠበቅን ስታስተምሩ፥ በሰው አገር በእንግድነት ማለፍንም አብራችሁ አስተምሩ። ብስክሌት ያለው ልጅ ከእግረኛው እንደማይበልጥ፥ ዳገት ላይ የሚገፋትን ብስክሌት ቍልቍለት ላይ እንደሚነዳት ይወቅ። የመንገድ መሪ የሆነ እግዚአብሔር ለወጪውም ለገቢውም ሰላሙን ይስጥልን፤ የተዘጋውን መንገድ ይክፈትልን፤ የተከፈተውንም በፍቅር እንድንሄድበት ይርዳን።